ምላስና እንጥል አምታቱኝ፣ እባካችሁ አስረዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ቱን የራስ ቅል ነርቮች ስም በቃሌ ይዣለሁ። ጉዳታቸው ላይ ስደርስ ግን ድርግም ይልብኛል።

12ኛው ሲጎዳ ምላስ ሲወጣ ወደ ተጎዳው ጎን ይዞራል። ጤነኛው ጡንቻ ብቻውን ስለሚገፋው ነው፤ እዚህ ድረስ ገብቶኛል። 10ኛው ሲጎዳ ግን በሽተኛው «አ» ሲል እንጥል ወደ ጤነኛው ጎን ይሸሻል። ለምን ተገላቢጦሽ ሆነ? አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይስባል ማለት ነው? መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ ስታገል አመሸሁ፤ ትርፉ የመንጋጋ ድካም ብቻ።

7ኛውም አለ። ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግማሽ ፊት ከነግንባሩ ይዝላል፤ ስትሮክ ሲሆን ግን ግንባር ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ትእዛዝ ስለሚቀበል ነው ይላሉ። ይህን በቀላል ስዕል የሚያሳየኝ አለ? ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው።