«ባስ ታይፕ» በአማርኛ፦ ማገናኛ ወይስ መስመር?

(«ሥርወ ቃል» እና «ሽቦና ፊደል» የሁለቱ መላሾች ስሞች ናቸው።)

ጠያቂ፦ በዊንዶውስ የስቶሬጅ ድራይቨር (ሲስተሙን ከዲስክ ጋር የሚያነጋግር ሶፍትዌር) ሰነድ ላይ ያለውን «ባስ ታይፕ»፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው መስመር እንደመጣ የሚናገረውን መለያ፣ «የማገናኛ ዓይነት» ብንለው ምን ይጎድለዋል? ቃሉስ ከአውቶቡስ ጋር ዝምድና አለው?

ሥርወ ቃል፦ አለው እንጂ። ሁለቱም የላቲኑ «ኦምኒቡስ» ጭራ ናቸው፤ «ለሁሉም» ማለት ነው። «ቡስ» ብቻውን በላቲን የቃል መድረሻ እንጂ ቃል አይደለም። መጀመሪያ ሰው ሁሉ ለሚሳፈርበት ሠረገላ ተባለ፣ ኋላ ኤሌክትሪክ ለሚያከፋፍለው የመዳብ ዘንግ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ክፍሎች ለሚጋሩት የመረጃ መንገድ። (ድራይቨርን «ነጂ» ካልነው ደግሞ አውቶቡሱም ሾፌሩም ተሟላ።)

ሽቦና ፊደል፦ «ማገናኛ» ያስታል። አንባቢ ማገናኛ ሲባል የሚታየው ኬብሉና ሶኬቱ ነው። ባስ ታይፕ ግን ሲስተሙ ስለ ዲስኩ ሲጠየቅ ከድራይቨሩ የሚመጣ፣ ለየመስመሩ ስም የተሰጠ ቁጥር ነው፦ 1 ስካዚ፣ 3 ኤቲኤ፣ 7 ዩኤስቢ፣ 8 ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን አጣምሮ የሚይዝ አሠራር)፣ 10 ሳስ፣ 11 ሳታ፣ 12 ኤስዲ፣ 17 ኤንቪኤምኢ። የሳታ ሃርድ ዲስክ ከላፕቶፕ ወጥቶ የዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ቢገባ ጥርሱ ያው የሳታ ጥርስ ነው፤ መልሱ ግን 7 ይሆናል። ኤም ዶት ቱ በሚባሉት ቀጫጭን የካርድ ዲስኮች ላይ ይብሳል። እሱ የቅርጽ ስም ነው፤ በአንድ ዓይነት ሶኬት ሳታም ኤንቪኤምኢም ይሰካል። የሳታው ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ጥርሱ ላይ ሁለት ቁርጥ አለው፣ የኤንቪኤምኢው አንድ፤ ግን ሁለት ቁርጥ ያላቸው ኤንቪኤምኢዎችም ስላሉ በዐይን አይፈረድም። በፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) «ጌት ፊዚካል ዲስክ» ብሎ «ባስ ታይፕ» የሚለውን ዓምድ ለይቶ መጠየቅ ይሻላል።

ሥርወ ቃል፦ ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ሊኑክስ ላይ ግን ስም የሚያወጣው ድራይቨሩ ነው። «ኤስዲኤ» መነሻው «ስካዚ ዲስክ» ሲሆን ዛሬ ሳታውም ፍላሹም በዚያው ስም ይጠራሉ፣ ትእዛዛቸው በስካዚው ንብርብር በኩል ስለሚያልፍ። በላፕቶፑ የራሱ አንባቢ የገባ ኤስዲ ካርድ ደግሞ «ኤስዲ» ሳይሆን «ኤምኤምሲ» በሚል ይጀምራል! እውነተኛውን መስመር የሚናገረው ዲስኮችን በሚዘረዝረው «ኤልኤስ ብሎክ» ትእዛዝ ላይ ተለይቶ ሲጠየቅ የሚወጣው «ትራን» የተባለው ዓምድ ነው። «ትራንስፖርት» ከሚለው የተቆረጠ ነው፤ ያው ጉዞ።

ሽቦና ፊደል፦ አንድ ወጥመድ አለ። ዲስኩ ኤንቪኤምኢ ሆኖ 8፣ ማለትም ሬይድ ሊባል ይችላል። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ላይ የኢንቴል ሬይድ ሞድ ከበራ ዲስኩን የያዘው የኢንቴል ድራይቨር ነውና ስሙም በእሱ ይወጣል። «ተሳስቷል» ብሎ ባዮሱን ወዲያው ኤኤችሲአይ ወደሚባለው ተራው የዲስክ ሞድ መቀየር ዊንዶውስ እንዳይነሳ ያደርጋል። መጀመሪያ ኤምኤስኮንፊግ በተባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ሴፍ ቡት (በሴፍ ሞድ መነሳትን) ማብራት፣ ቀጥሎ ባዮሱን ቀይሮ በሴፍ ሞድ ማስነሳት፣ ከዚያ ሴፍ ቡትን ማጥፋት ነው።

ጠያቂ፦ እንግዲያው «የመስመር ዓይነት»?

ሽቦና ፊደል፦ ለተጠቃሚ ገጽ ጥሩ ነው። ለድራይቨር ጸሐፊ «የባስ ዓይነት» እንዳለ ይቆይ፤ እሱ ሌላ ቃል አያውቅም። «የመሰኪያ ዓይነት» ግን ለሶኬት ብቻ።

ሥርወ ቃል፦ 0 የሚለውን የባስ ታይፕ ቁጥር ደግሞ «ያልታወቀ» በሉት እንጂ «የለም» አትበሉት። ዲስኩ አለ፤ በምን መስመር እንደመጣ ድራይቨሩ አልተናገረም።