እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በቢዝነስ ክላስ፦ የትኛውን መቀመጫ ልያዝላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ክላውድ ናይን (የአየር መንገዱ ቢዝነስ ክላስ) ልትሄድ ነው። 68 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ጾምም ላይ ናት። ምን ላስተካክልላት?

መልስ 1፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የአውሮፕላኑን ዓይነት እዪ። ኤርባስ 350-900 ላይ አቀማመጡ 2-2-2 ነው፤ ማለትም በአንድ ረድፍ ሦስት ጥንድ ወንበሮች አሉ፣ በጥንዶቹ መካከል መተላለፊያ አለ። መስኮት ጋ የተቀመጠ ሰው ለመውጣት የጎረቤቱን እግር ይሻገራል፤ ወንበሩ አልጋ ሆኖ ሲዘረጋ ይብስበታል። ለሚያም ጉልበት ከመሀል ጥንዶች አንዱን ያዢላቸው፤ ሁለቱም በየራሳቸው መተላለፊያ ይወጣሉ። 350-1000 ከሆነ 1-2-1 ስለሆነ፣ መስኮት ጋ አንድ ወንበር ብቻ ነውና መስኮቱም ችግር የለውም። አውሮፕላን ይቀየራልና ከበረራው በፊት ደግመሽ አረጋግጪ።

መልስ 2፦ የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይታዘዝ። ዊልቸርም ለብቻው ይጠየቃል፤ የትኬቱ ደረጃ አያመጣውም።

መልስ 3፦ በረራው 13 ሰዓት ገደማ ነው። ሲተኙ ቀበቶውን ከብርድ ልብሱ በላይ ይሰሩት፤ አስተናጋጆቹ ለማየት ብለው አይቀሰቅሷቸውም። ይህን ግን አደራ፦ ስልካቸው ወንበር ውስጥ ከገባ ወንበሩን በፍጹም እንዳያንቀሳቅሱ፣ አስተናጋጅ ይጥሩ። ማጠፊያው ባትሪውን ከጨፈለቀው እሳት ሊነሳ ይችላል።

መልስ 4፦ ሲመለሱ መንገዱ ይረዝማል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ስለሚከብደው መሀል ላይ ለነዳጅ ያርፋል። መድኃኒታቸውን በእጅ ቦርሳ ያድርጉት።