«አወይ ኩላሊቱን» እና «ሆዴ»፦ በድሮ ዘፈን ሆድ ዕቃ ምን ይሠራል?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጥምቀት ሲቃረብ ባጃጁ ሁሉ የሚከፍተውን ታውቁታላችሁ፤

«ሎሚ ብወረውር ደረቱን መታሁት፣
አወይ ኩላሊቱን ልቡን ባገኘሁት።»

ልቡስ ይሁን፤ ኩላሊትን ከፍቅር ጋር ምን አገናኘው? ደግሞ በድሮ ዘፈን «ሆዴ» ሲባል የሚጠራው ማን ነው?

ከምንጃር፦
ኩላሊቱ ቤት መሙያ ነው። ግጥሙ የወል ቤት በሚባለው ምጣኔ ነው፣ ስንኙ ስድስት ስድስት ቀለም (ሲነበብ የሚቆጠር ድምፅ) እያለ ይመታል። «አወይ» ብሎ አራት ቀለም ጎደለው፣ «ኩላሊቱን» ሞላለት። አለቀ።

ከመንዝ፦
ለመሙላቱማ «አወይ አንጀቱንም» ቢል ይሞላለት አልነበረም? ኩላሊት የመጣው ከዳዊት ነው። የድሮ ሰው ዳዊት ባይደግም እንኳ ሲደገም እየሰማ ነው ያደገው። መዝሙር 7 ላይ እግዚአብሔር ልብንና ኩላሊትን ይመረምራል ይላል፤ ኤርምያስ 17፥10 ላይም ልብና ኩላሊት እንደገና አብረው ይመጣሉ። ማንም የማያየው የሰው ውስጡ፣ ሐሳቡና ምኞቱ ማለት ነው። እንግዲህ ድፍረቷን እዩልኝ፤ ፈጣሪ ብቻ የሚመረምረውን በአንድ ሎሚ ልትደርስበት! («ደረቷን መታኋት» ተብሎም ይዘፈናል፤ ልማዱም ወንዱ መወርወሩ ነው። በሴት አፍ ሲሆን ግን ይበልጥብኛል።)

ወርቁን የምፈልገው ግን «ባገኘሁት» ላይ ነው። ተኳሽ መታው ለማለት «ጥይቱ አገኘው» ይላል። የሰው ልብ ማግኘት ደግሞ መወደድ ነው። ዒላማው ልብ ነበር፤ ሎሚው ደረት ላይ ነጥሮ ቀረ። አንዱ ግስ ሁለቱንም ይዟል።

ከሸዋ ሮቢት፦
ሎሚውንም አትርሱት እንጂ! ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር ባልተናነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ ውርጩ ለገብስ እንጂ ለሎሚ አይሆንም። ደገኛው ሎሚ ወረወረ ማለት ከቆላ የወጣውን ገበያ ላይ ገዝቶ ወረወረ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ከዛፉ ቀጥፎ ለሚወረውር ያን ያህል አያስመሰግነውም።

ከአንኮበር፦
እኔ ወደ «ሆዴ» ልምጣልሽ፣ ልጄ። ሆድ ምስጢር የሚቀመጥበት ነው። «ሆድ ይፍጀው» ስንል አይነገር ማለታችን ነው፤ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል»ም የሚባለው ለዚሁ ነው፣ ጠላ የቀመሰ ያውቀዋል። ቅር የሚለውም፣ ባር ባር የሚለውም ሆድ ነው። ስለዚህ ወዳጅ ወዳጁን «ሆዴ» ሲል ምስጢሬ፣ የውስጤ ማለቱ ነው። እናት ልጇን ስትል ደግሞ ከማሕፀኗ የወጣውን ነው። ዘፋኙ የገዛ ሆዱን የሚያባብልበትም አለ።

መለያው ግሱ ነው። ሆድ በአማርኛ ወንድ ስለሆነ «ሆዴ ነይ» የተባለችው ሴት ወዳጁ ናት፤ የገዛ ሆዱን «ነይ» የሚል የለም። «ሆዴ ቻለው» ካለ ከራሱ ጋር ነው። የሚያስቸግረው ሴት ዘፋኝ «ሆዴ ተው» ስትል ነው፤ ሰውየውን ትሁን ሆዷን አይታወቅም። ሰዎች እንዲህ ያለውን ካልፈታን ብለው ይጣላሉ። እኔ ግን ሳይፈታ ቢቀር እወዳለሁ፤ አውቀው የተዉት ይመስለኛል።

ከምንጃር፦
ዳዊቱን ተቀብያለሁ፣ ቀለሙን ግን አልለቅም። በጋሼ ቃል «አንጀቱንም» ከሞላ፣ ለምን አንጀት አልተመረጠም?

ከመንዝ፦
አንጀት የሚራራ ነዋ! «አንጀቴን በላው» ማለት አሳዘነኝ ነው። አንጀቱን ባገኘሁት ብትል እዘንልኝ ማለቷ ነበር። ለጥምቀት ተኳኩላ የወጣች ልጅ እዘኑልኝ አትልም።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እርስዎም እትዬ። ሐሞትስ? እሱም በዘፈን ይገባል።

ከመንዝ፦
እሱ ከፉከራ የመጣ ነው። ሐሞተ ኮስታራ ጀግናው፣ ሐሞቱ የፈሰሰ ፈሪው። በፍቅር ዘፈን ውስጥ ከሰማሽው ዘፋኙ ተፎካካሪ አለበት ማለት ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ስንኝ አድምጪ።