አባታችን ካረፈ በኋላ የመጀመሪያው ገና፦ ደሴ እንዋል ወይስ ኮምቦልቻ?

ጥያቄ፦ መካከለኛዋ ልጅ (ደሴ)

አባታችን ያረፈው መስከረም 20 ቀን፣ የግሸን ማርያም ተሳላሚዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ከተማችንን አቋርጠው በሚያልፉበት ዋዜማ ነው። አርባውን ጥቅምት 29 አወጣን፤ ሰማንያው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለ ዋለ የጾም ዝክር አድርገን ካህናቱንና ነዳያንን አበላን። ቅሬያችንም (ዕድራችንም) ሆነ ጎረቤቶቻችን ያጓደሉብን ነገር የለም። አሁን ግን ገና ሲቃረብ እኔና ወንድሞቼ መስማማት አቃተን።

እናታችን «ዘንድሮ በዚህ ደጅ ደም አይፈስም፤ እናንተ በየቤታችሁ ዋሉ» ብላናለች። ኮምቦልቻ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ከዋዜማው ጀምሮ እርሱ ዘንድ ወስዷት፣ ከደሴ ውርጭም ከጭር ካለው ቤትም አርቋት፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር እንድትውል ይፈልጋል። አዲስ አበባ ያለው ታላቃችን ደግሞ የበግ መግዣ ልኬ አባታችን በሕይወት እያለ ይደረግ የነበረው ሁሉ ሳይጓደል ይደረግ ባይ ነው።

እኔን የከበደኝ ይህ «ሁሉ» የሚለው ቃል ነው። በዋዜማው ዶሮውን የሚያርደው፣ ከቅዳሴ መልስ ጸሎት አድርሶ ድፎውን የሚቆርሰው አባታችን ነበር፤ ከ12ቱ ብልት ፈረሰኛዋ የምትወጣውም ለእርሱ ነበር። እንደ ድሮው ይሁን ከተባለ እነዚህን ማን ሊያደርጋቸው ነው? እናታችን ከሏን ሙት ዓመቱ ሳይደርስ አላወልቅም ብላለች፤ እኛም አንጠይቃትም። ሐዘኗን ሳንዳፈር በዓሉንም ሳንሽር የምንውልበትን መንገድ በዚህ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ እወዳለሁ።

መልስ፦ ከሐረጎ በታች

እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ። እናታችን ባረፈች ዓመት እኛም ወንድምሽ ያሰበውን አድርገን ነበር፤ አባታችንን በዋዜማው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ አወረድነው። መንገዱ የሐረጎን ተራራ ተጠማዝዞ የሚወርድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ አየሩ ግን ካፖርት ያስወልቃል፤ ልጆቹም በዙሪያው ሲሯሯጡ ዋሉ፤ እርሱም ሲስቅ አየነውና ደግ ሠራን ብለን ደስ አለን። በማግሥቱ ቤቱ ስናደርሰው ግን ጎረቤቶቹ ሌማታቸውን ይዘው በዓሉን ሊያስውሉት መጥተው፣ ደጁን ዝግ አግኝተው እንደተመለሱ ሰማ። ያን ዕለት የተቆጣንን ቁጣ እስካሁን አልረሳውም። ሐዘን በገባበት ቤት የመጀመሪያው በዓል የባለቤቶቹ ብቻ እንዳልሆነ ለእኛ ለልጆቹ አልታየንም ነበር።

ስለዚህ እናትሽ ለገና ከቤታቸው ባይወጡ ይሻላል እላለሁ። ወንድምሽ ልጆቹን ይዞ ይውጣ እንጂ እርሳቸው አይውረዱ። ኮምቦልቻን ከፈለገ ጥምቀት ከ12 ቀን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ይውሰዳቸው።

መልስ፦ የሰንበት ተማሪ

ቤተሰቡ በሐዘን ምክንያት ሊያስቀረው የሚችለው ድግሱን እንጂ በዓሉን አይደለም። ልደትን የምናከብረው በሌሊቱ ቅዳሴ ነው፤ በጉም ዶሮውም ልማዳችን ናቸው። እናትዎ ጧፋቸውን ይዘው ከሄዱ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾሙትን ጾም በአንድ ቁራሽና በአንድ እንቁላል ቢፈቱ እንኳ በዓሉን አክብረዋል። የአባትዎን የክርስትና ስም በቅዳሴው እንዲታሰብ ለካህኑ አስቀድመው ይስጡ። ለበግ የታሰበውም ገንዘብ ታላቅ ወንድምዎ ከተስማሙ ለነዳያን ቢውል ይመረጣል፤ ሐዘንተኛ ቤት ውስጥ ሙሉ በግ ሰው ሳይበላው የሚከርም ሥጋ ነው፣ የዘንድሮው ዋጋም የሚያስደፍር አይደለም።

መልስ፦ የሰኞ ገበያዋ

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ነገር ግን የወሎ ሰው ስለሆንኩ የምናገረው እንግዳ አይሆንባችሁም። በእኛ ሐዘን 3 ቀን ነው፤ ለሚስት ብቻ 4 ወር ከ10 ቀን ነው፤ ኢዳ እንለዋለን። አባቴ በሞተ ዓመት ኢድ አልፈጥር እናቴ ኢዳ ላይ ሳለች ደረሰና፣ በቤቷ ምንም እንዳይደረግ ከለከለች። እኛም ታዘን ተቀመጥን። ረፋዱ ላይ ክርስቲያን ጎረቤታችን ጥሬ ቡና በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ገባችና፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ምድጃው ሥር ተቀምጣ ትቆላ ጀመር። እናቴ ሽታው ሲደርሳት ከጓዳ ወጥታ «ያርርብሻል፣ አምጪው» ብላ ማማሰያውን ተቀበለቻት። ብትጠየቅ ኖሮ እምቢ ማለቷ አይቀርም ነበር።

እናትሽም እናክብር ወይ ተብለው አይጠየቁ፤ ሐዘንተኛ ለዚህ ጥያቄ አዎ ብሎ ሊመልስ ያፍራል። ደግሞም ደም አይፈስም ያሉት በደጃቸው ነውና፣ ዶሮው ክርስቲያን ጎረቤት ዘንድ ታርዶ፣ ወጡ እዚያው ተሠርቶ ቢመጣላቸው ቃላቸው አልተሻረም። የእኛን ዕርድ እንደማትበሉ አውቃለሁ፤ ቡናው ግን የሁላችን ነው፤ በእናንተ መንደር ቡና የምትቋጥር አንዲት ሙስሊም ጎረቤት አትጠፋም፣ አብሽሪ።

መልስ፦ የአራዳ ልጅ

የ2014 ዓ.ም. ገና የደረሰው ደሴ ከጦርነቱ ከወጣች አንድ ወር ያህል ቢሆናት ነው። እኛ አባታችንን ያጣነው በዚያው ዓመት ነበር። እናታችን ፈረሰኛዋን እንደ ወትሮው በሳህን አውጥታ በቦታው አኖረችው፤ ማንም አልነካውም፣ ማንም አላነሣውም። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሜ ወሬ እያወራ ሳያስበው አንሥቶ በላው። ሁላችንም ደንግጠን ወደ እርሷ ስናይ፣ «እርሱም እንዲህ ሳያይ ነበር የሚበላው» ብላ ሳቀች። ማን ይተካው የሚለውን አሁኑኑ ለመወሰን አትቸኩሉ፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ቢታይ ነውር የለውም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ታናሽ ወንድሜ ስለ ተዘጋው ደጅ የተጻፈውን ሳነብለት ዝም አለ፤ በኋላ ደውሎ በዋዜማው ልጆቹን ይዞ እንደሚወጣ ነገረኝ። ታላቃችን የበጉን ነገር ለመተው ትንሽ አስቸግሮን ነበር፤ በመጨረሻ ገንዘቡ በደብራችን ላሉ ነዳያን እንዲሆን ፈቀደ። ዶሮው ከእኛ በታች ባለው ጎረቤት ቤት ይሠራል።

እናታችንን በዓል እናድርግ ብዬ አልጠየቅኋትም። ትናንት ስንዴ ሳበጥር አይታኝ፣ ለብቻዬ ነው እንዳልል ብዛቱ ያስታውቃል፣ ጥቂት ቆማ ተመለከተችኝና «ለድፎው ኮባ ከየት ልታመጪ ነው?» አለችኝ። ስለ ፈረሰኛዋ አላነሣሁባትም።