የኪራይ መኪና ጉዳት፦ ኢንሹራንሱ ክፍያውን ሲያዘገይ ምን ይደረጋል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። የራሴ መኪና ጋራዥ በገባ ጊዜ የተከራየሁትን መኪና ከማቆሚያ ወደ ኋላ ሳወጣ ከምሰሶ ጋር አጋጨሁት፤ ፓራውልቱ ተሰነጠቀ፣ የግራው የኋላ መብራትም ተሰበረ። የራሴ ሙሉ ኢንሹራንስ የኪራይ መኪናንም ስለሚሸፍን አከራዩ የሚሸጠውን ሽፋን አልገዛሁም ነበር። አደጋውን በማግስቱ ለኢንሹራንሴ አሳውቄ ፎቶግራፎቹንና የኪራይ ውሉን ብልክም፣ እነሆ 11 ሳምንት አለፈ፤ በደወልኩ ቁጥር የሚሰጠኝ መልስ «በምርመራ ላይ ነው» የሚል ብቻ ነው። አከራዩ ደግሞ ለጥገናውና መኪናው ሥራ ፈትቶ ለቆመባቸው ቀናት 2,340 ዶላር ጠይቆኛል፤ በ30 ቀን ውስጥ ካልከፈልኩ ዕዳውን ለኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) እንደሚያስተላልፍም ጽፎልኛል። ከኪሴ ልክፈል ወይስ ልታገሥ?

1ኛ መልስ፦
ወንድሜ፣ በኢንሹራንስ ሥራ ላይ ለዓመታት ስለቆየሁ ጭንቀትዎ ይገባኛል። በካሊፎርኒያ ደንብ መሠረት ኢንሹራንሱ የጉዳቱ ማስረጃ ከደረሰው ቀን አንሥቶ በ40 ቀን ውስጥ ጥያቄውን መቀበሉን ወይም አለመቀበሉን ማሳወቅ አለበት፤ ተጨማሪ ጊዜ ካስፈለገውም ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ በየ30 ቀኑ ሊጽፍልዎት ይገባል። በስልክ የተነገረ ቃል ይህን ደብዳቤ አይተካም። ስለዚህ መደወሉን ትተው በኢሜይል ይጻፉ፤ የሚጎድለው ሰነድ የትኛው እንደሆነ፣ ከማን እንደሚጠበቅና ከመቼ ጀምሮ እንደተጠየቀ በግልጽ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚያስቆመው አከራዩ ያልላከው የጥገና ደረሰኝ ወይም፣ መኪናው በቆመባቸው ቀናት ሌሎቹ መኪኖች ሁሉ ተከራይተው እንደነበር የሚያሳየው መዝገብ ነው። መልስ ካጡ ለካሊፎርኒያ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ያመልክቱ፤ አቤቱታው ክፍያ የለውም፣ ኩባንያውም ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ መልስ ለመስጠት ይገደዳል።

2ኛ መልስ፦
ኢንሹራንሱ ሳያውቅ ሙሉውን ገንዘብ እንዳይከፍሉ እመክራለሁ፤ በኋላ «ይህን ያህል መክፈል አልነበረብዎትም» ብሎ ሊከራከርዎት ይችላል። ለአከራዩ የክሌም (ለኢንሹራንሱ ያቀረቡትን የክፍያ ጥያቄ) ቁጥር ልከው፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ዕዳውን ወደ ኮሌክሽን እንዳያስተላልፍ በጽሑፍ ይጠይቁ። የተከራዩበትን ክሬዲት ካርድም ይመልከቱ፤ አንዳንዶቹ ከኪስ የሚከፈለውን ዲዳክቲብልና ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን የቆመበትን ቀን ሒሳብ ይከፍላሉ። ነገር ግን የማሳወቂያ ጊዜያቸው አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ ይደውሉ። እኔ በዚህ ቸልተኝነት 600 ዶላር አጥቻለሁ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ኢንሹራንሶቹ ትናንት ለጻፍኩላቸው ኢሜይል ሲመልሱ፣ የጎደለው የአከራዩ የጥገና ደረሰኝ መሆኑን፣ ከተጠየቀም አምስት ሳምንት እንደሆነው ዛሬ ጠዋት በጽሑፍ ነገሩኝ። ደብዳቤውን ይዤ ወደ አከራዩ ቢሮ ሄጄ ደረሰኙን እዚያው እያለሁ አስልኬአለሁ። የካርዱን ባንክ ነገ እጠይቃለሁ።