አሣዎቼ አየር አጥሯቸዋል፣ ኩሬው አረንጓዴ ለብሷል፣ ድረሱልኝ

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ጀማው። ቀረሶዎቹ ከንጋት ጀምሮ ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ የሞቱም አሉ። ኩሬውን ጥቃቅን ቅጠል ሸፍኖታል። እምቦጭ ነው። ፀረ አረም ልገዛ እየወጣሁ ነው፣ የትኛው ይሻላል?

የቦርከና ልጅ፦ ውሃውን ቀይረው።

መምህሩ፦ እምቦጭን አትናቁት። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ጣና ላይ የታየው በፈረንጆቹ 2011 ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ቆይቶ ይበቅላል። ስለዚህ ከነሥሩ ነቅሎ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው።

የሐይቅ ልጅ፦ ቆይ፣ እምቦጭ ነው ያለው ማነው? የእምቦጭ ቅጠል መዳፍ ያክላል፣ አንገቱ ያበጠ ነው፣ አበባው ወይን ጠጅ ነው። እስቲ አንዷን በጣትህ አንሣት። ምስር የምታክል ሆና ከሥሯ ክር የመሰለ ሥር ካንጠለጠለች ሌላ ተክል ናት።

ጠያቂ፦ አዎ ምስር ነው የምታክለው፣ ክርም አላት። ታዲያ ያው አረም አይደል፣ ልርጨው?

የቦርከና ልጅ፦ ውሃውን ቀይረው አልኩህ እኮ።

አሣ አርቢ (ደሴ)፦ ወንድሜ በአላህ እንዳትረጭ! ቅጠሉ ባንዴ ከሞተ ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን ይጨርሳታል። አሁንም ያፈናቸው እሱ ነው፣ ውሃውን ከአየርና ከብርሃን ለይቶታል። ሌሊት ደግሞ ተክሉም አሣውም ኦክስጅን ይስባሉ፣ ንጋት ላይ የሚብስባቸው ለዚህ ነው። አሮጌ አጎበር እንጨት ላይ ወጥረህ ከግማሽ በላዩን አሁኑኑ ግፈፈው። ፓምፕ ካለህ የኩሬውን ውሃ ወደ ላይ እየረጨህ መልሰው፣ ከሌለህ በባልዲ ከከፍታ አፍስስ። ዛሬ መኖ አትስጥ። ውሃውን ሙሉ በሙሉ መቀየር አሣውን ይጎዳል፣ የቧንቧ ከሆነማ ክሎሪን አለበት።

እማማ፦ ልጄ፣ የገፈፍከውን ወንዝ እንዳትደፋው። አለቅልቀህ ለዶሮ ስጠው፣ የኔዎቹ ይሻሙበታል።

ጠያቂ፦ እየገፈፍን ነው። የላሞቹ በረት ከኩሬው በላይ ነው፣ ሲዘንብ እበቱ ይወርዳል። ነገር አለው እንዴ?

የሐይቅ ልጅ፦ ይኸው ነገሩ! የቅጠሉ ቀለብ እኮ እበቱ ነው፣ ካልዘጋኸው ስትገፍ ልትኖር ነው። ከበረቱ በታች ቦይ ቆፍረህ ጎርፉን ከኩሬው አዙረው፣ ቦዩ ውስጥ ፊላና ቄጠማ ትከል። የጨፋን ረግረግ አላየህም? ጎርፉ ቄጠማው ውስጥ ሲገባ ይረጋጋል፣ ደለሉን እዚያው ይጥላል፣ ሥሩም የእበቱን ምግብ ይስበዋል። ሲያድግ ግን እጨደው፣ እዚያው ከበሰበሰ የወሰደውን መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። አብሽር፣ ይተርፋሉ ኢንሻአላህ። ዛሬ ሌሊት ብቻ ፓምፑን አታጥፋው።