አዲስ አበባ ስታዲየም የእንግዳ ደጋፊ የት ነው የሚቀመጠው?

የጅማ ልጆች ነን፣ የአባ ጅፋር ደጋፊዎች። ቡድናችን አዲስ አበባ ሲጫወት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ልናየው አስበናል። እኔ በበኩሌ የብሔራዊ ቡድናችን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ በ1954 ዓ.ም የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳበትን ሜዳ ሳላይማ አልሞትም! ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበት ሜዳ እኮ ነው።

ግራ የገባን መቀመጫው ነው። አንዱ ሚስማር ተራ ግቡ ይላል፣ ሌላው ካታንጋ፣ ሌላው ከማን አንሼ። ጥላ ፎቅ ለኪሳችን ይከብዳል። ማሊያ ለብሰን በባለሜዳዎቹ መሃል ከተገኘን ጉዳችን ነው። የ2010ሩን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ስለወሰድንባቸው ቂም የያዘም አይጠፋም (ቀልዴን ነው)።

እባካችሁ፣ የምታውቁ ንገሩን። በየትኛው በር እንግባ? ማሊያውን ከውጭ እንልበስ ወይስ ከገባን በኋላ? ከበሮስ ያስገባሉ? ስታዲየም አካባቢ ርካሽ አልጋ ካለም ጠቁሙን።